የዩቲዩብ ሰርች ፉክክር፦ አንድ ቃል ለትንሽ ቻናል እንደሚሆን በምን ይታወቃል?

ሐዋሳ ላይ ከሚከፈቱ አዳዲስ የዩቲዩብ ቻናሎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቪዲዮዋቸውን «ሐዋሳ»፣ «ውቧ ሐዋሳ» ወይም «የሐዋሳ ሐይቅ» ብለው ይሰይሙታል። ቀረጻው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ያነሳ ሰው መጥፎ ምስል ይዞ አይወርድም። ችግሩ ቃሉ ላይ ነው። «ሐዋሳ» ብሎ የጻፈ ተመልካች ዘፈን ይፈልግ ዜና፣ ሆቴል ይፈልግ የሚገዛ ቤት አይታወቅም። ዩቲዩብም በእርግጠኝነት ስለማያውቅ ከየዓይነቱ ብዙ ሰው ገብቶ የቆየበትን ያስቀድማል። 60 ሰብስክራይበር ያለው ቻናል በዚያ ሰልፍ ተራ አይደርሰውም።

ስለዚህ ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ቃሉ መመዘን አለበት። ሚዛኑ ስልክና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል፤ ለአንድ ርዕስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

መጀመሪያ ውጤቱ በምን እንደሚደረደር እንይ። ዩቲዩብ በዋናነት ሦስት ነገር እንደሚያይ ራሱ ይናገራል። አንደኛው ተዛማጅነት ነው፤ ርዕሱ፣ መግለጫው፣ ታጉ (ሲጫን የሚሞላው መለያ ቃል) እና የቪዲዮው ይዘት ከተጻፈው ጥያቄ ጋር ምን ያህል ይገጥማሉ? ሁለተኛው የተመልካቹ አቀባበል ነው፤ ያንኑ ቃል ፈልገው የገቡ ሰዎች ቪዲዮውን ምን ያህል ቆይተው አዩት? ሦስተኛው ጥራት ነው፤ ቻናሉ በጉዳዩ ላይ የሚያውቅና የሚታመን መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አለ? የሰብስክራይበር ቁጥር ራሱን ችሎ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ትልልቆቹ የሚያይሉት ብዙ ሰው ስላየላቸው ሁለተኛውና ሦስተኛው ማስረጃ ስለሚከማችላቸው ነው። ትልቁ ቻናል ያልነካው ወይም ነካ አድርጎ ያለፈው ጥያቄ ላይ ግን ይህ ማስረጃ የለውም። ለትንሹ ቻናል የተተወው ቦታ እዚያ ነው። ፉክክር የሚለካውም በቪዲዮ ብዛት ሳይሆን ከላይ የተደረደሩት አስሩ ጥያቄውን በመመለሳቸው ወይም ባለመመለሳቸው ነው።

ሁለት መስኮች ከዚህ ስሌት ይወጣሉ፤ ዜናና ጤና። በነዚህ ላይ ዩቲዩብ ለታወቁ የመረጃ ምንጮች ቅድሚያ እንደሚሰጥ በግልጽ አስታውቋል። «የ12ኛ ክፍል ውጤት» ወይም «የስኳር በሽታ ሕክምና» በሚሉ ቃላት ጀማሪ ቻናል ጉልበቱን ባይጨርስ ይሻለዋል።

ፈላጊ አለ ወይ?

ፉክክር የሌለበት ቃል ብዙ ጊዜ ፈላጊም የሌለበት ነው። ይህን ለመለየት የሚበልጠው መሣሪያ የፍለጋ ሳጥኑ ራሱ ነው። ስልካችሁ ላይ ብራውዘሩን በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ታሪካችሁን በማይጠቀመው የግል መስኮት ክፈቱ። በራሳችሁ አካውንት ከፈለጋችሁ የሚመጣው ሐሳብ በራሳችሁ ታሪክ የተቀባ ይሆናል፤ የራሳችሁን ቪዲዮም ከላይ እያያችሁ አንደኛ ወጣን ትላላችሁ። ከዚያ ቃሉን በቀስታ ጻፉ። የምግብ ቻናል ያለው ሰው «የአሳ» ብሎ ይቁም፤ ከሥር የሚዘረዘሩትን ሁሉ ይመዝግብ። ቀጥሎ «የአሳ ሀ»፣ «የአሳ ለ»፣ «የአሳ መ» እያለ በፊደል ገበታው ይውረድ። የሚመጡት ሐሳቦች ሰዎች የሚፈልጓቸው ናቸው፤ ስንት ሰው እንደፈለጋቸው ግን አይነግሩም።

የፍለጋን መውጣትና መውረድ በጊዜ የሚያሳየው ጎግል ትሬንድስ ሁለተኛው መሣሪያ ነው። አገሩን ኢትዮጵያ አድርጋችሁ፣ «ዌብ ሰርች» የሚለውን ወደ «ዩቲዩብ ሰርች» ቀይሩ፤ ይህን መቀየር የሚረሳ ብዙ ነው። የዩቲዩብ መረጃው ከ2008 ጀምሮ ያለውን ያሳያል፤ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው። እዚያ የሚታየው 100 መቶ ፍለጋ ማለት አይደለም፤ በመረጣችሁት ጊዜና ቦታ ቃሉ ከፍ ብሎ የታየበት ጫፍ ነው። 0 ደግሞ ማንም አልፈለገም ማለት ሳይሆን ለማሳየት የሚበቃ መረጃ የለም ማለት ነው። የአማርኛ ጠባብ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ትሬንድስን ለሁለት ነገር ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሁለት ሰፋ ያሉ ቃላትን ለማወዳደርና ወቅትን ለማወቅ።

ወቅት ለሐዋሳ ቻናል ትልቅ ጉዳይ ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምባላላ፣ ሲቃረብ ስለ በዓሉ የሚፈልገው ይበዛል። ቀኑን የሚወስኑት ኮከብ የሚቆጥሩት አያንቶዎች ስለሆኑ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል። የበዓሉን ዕለት ቀርጾ በማግስቱ የሚጭን ቻናል ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ይጋጫል፤ በዚያ ላይ ፍለጋው መውረድ ጀምሯል። «ፍቼ ጨምባላላ ምንድን ነው»፣ «ቡርሳሜ እንዴት ይሠራል» የሚሉ ቪዲዮዎች ግን ከአንድ ወር በፊት ተጭነው ተመልካች መሰብሰብ ይችላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይሠራሉ። የጾም ምግብም እንደዚሁ ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ የተጫነ ቪዲዮ ዘግይቷል።

አንድ ቃል፣ ስምንት አጻጻፍ

በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ መመሪያዎች የማይነኩት፣ እኛ ጋ ግን ሥራውን ግማሽ የሚሆነው ይህ ነው። «የዓሣ ጉላሽ አሠራር» የሚለውን ውሰዱ። የመጀመሪያው ቃል አሳ፣ አሣ፣ ዓሳ ወይም ዓሣ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የመጨረሻው አሰራር ወይም አሠራር ይሆናል። አራት በሁለት ሲባዛ ስምንት አጻጻፍ ነው፤ ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው። ተመልካቹ በአብዛኛው ስልኩ ላይ የሚቀለውን ይጽፋል። የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል ሲነኩ ወደ አማርኛ በሚቀይሩት ኪቦርዶች ላይ «አ»ና «ሰ» ቀድመው ስለሚመጡ «የአሳ ጉላሽ አሰራር» የሚለው ይበዛል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውም ጥቂት አይደለም፤ ውጭ አገር ያለውና የአማርኛ ኪቦርድ ያልጫነው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ፣ በላቲንም ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው። ሲዳምኛ ተናጋሪው ደግሞ ቋንቋው በላቲን ስለሚጻፍ በዚያው ይፈልጋል።

መመርመሪያው እንዲህ ነው። ሦስት አጻጻፎችን ምረጡ፤ ቀላሉን ፊደል፣ ትክክለኛውን ፊደልና ላቲኑን። እያንዳንዱን ለየብቻ ፈልጉና አስር አስሩን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሁለት አጻጻፎች ከአስሩ ሰባትና ከዚያ በላይ ቪዲዮዎች ከተደገሙ ዩቲዩብ እንደ አንድ ጥያቄ እያያቸው ነው፤ አንዱን መዝናችሁ እለፉ። ሦስት አራቱ ብቻ ከተደገሙ ግን ሁለት የተለያዩ ሜዳዎች ናቸው፤ አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ የሚገኝ ባዶ ሜዳ ለትንሽ ቻናል ከማንኛውም ዘዴ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ትልልቆቹ ርዕሳቸውን በአንድ አጻጻፍ ብቻ ጽፈው ሲያልፉ የሚፈጠር ክፍተት ነውና።

አስሩን መመርመር

ሜዳው ከተለየ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል። ቃሉን ፈልጉ፤ ማጣሪያው ላይ «ቪዲዮ» የሚለውን ምረጡ። ማስታወቂያዎችን ዝለሉ። «ሌሎች ያዩት»፣ «ለእርስዎ» በሚሉ ርዕሶች መካከል ላይ የሚገቡትንም አትቁጠሩ፤ ለቃሉ የተሰጡ መልሶች አይደሉም። ሾርትስም (አጫጭሮቹ ቪዲዮዎች) አይቆጠርም፤ ነገር ግን ከማጣራታችሁ በፊት የመጀመሪያው ገጽ በሾርትስ የተሞላ ከነበረ ተመልካቹ የአንድ ደቂቃ መልስ እንደሚበቃው ፍንጭ ነው። እዚያ ላይ የ14 ደቂቃ ቪዲዮ ማቅረብ ያስቸግራል።

ለአስሩም ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቃሉ ርዕሱ ውስጥ እንዳለ አለ ወይ፣ መቼ ተጫነ፣ ስንት ሰው አየው፣ ቻናሉ ስንት ሰብስክራይበር አለው፣ ጥያቄውን በትክክል ይመልሳል ወይ። የመጨረሻውን ለማወቅ ቪዲዮውን መክፈት ግድ ነው። ጥቅል እንዳይበላባችሁ ጥራቱን ወደ 144 አውርዱ፤ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ እዩና ወደ መሐል ዝለሉ። ርዕሱ «የአሞራ ገደል የዓሣ ዋጋ» (አሞራ ገደል የሐዋሳ የዓሣ ገበያ ነው) ብሎ ስምንት ደቂቃ የሐይቁን ውበት የሚያሳይ ቪዲዮ አንደኛ ቢሆንም መልስ አልሰጠም። እንዲህ ያለውን «ደካማ» ብላችሁ ጻፉ።

የተመልካች ቁጥር ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁልጊዜ ለወር አካፍሉት። ከ3 ዓመት በፊት ተጭኖ 36,000 ጊዜ የታየ ቪዲዮ በወር በአማካይ 1,000 ነው። ከ4 ወር በፊት ተጭኖ 8,000 ጊዜ የታየው በወር 2,000 ነው፤ ቁጥሩ ቢያንስም አሁን ያለውን ፍላጎት የሚያሳየው እሱ ነው። ቀጥሎ ይህንኑ 8,000 ከቻናሉ መጠን ጋር አስተያዩት። ባለ 500,000 ሰብስክራይበር ቻናል ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱ ሰብስክራይበሮች ብቻ ሊያዩለት ይችላሉ፤ ስለ ፍለጋው ምንም አይነግራችሁም። ባለ 700 ሰብስክራይበር ቻናል ከሆነ ግን ሰዎቹ ከሌላ ቦታ መጥተዋል፤ ወይ ከሰርች ወይ ዩቲዩብ ከጎን ከሚጠቁመው። በአስሩ ውስጥ ከሁሉ በላይ ልትፈልጉት የሚገባው ይህ ነው፤ ከራሱ የሚበልጥ ተመልካች ያገኘ ትንሽ ቻናል። እሱ ከቻለ ቃሉ ለትንሽ ቻናል ይቻላል ማለት ነው።

ዕድሜም በሁለት መንገድ ይነበባል። ዋጋ፣ መንገድ፣ አውቶቡስ፣ ሆቴል፦ እነዚህ ያረጃሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የዓሣ ዋጋ የነገረ ቪዲዮ ዛሬ ስህተት ነው፤ ተመልካቹም ቶሎ ይወጣል። «ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በመኪና» በሚለው ላይም የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ክፍሎች ከመከፈታቸው በፊት የተቀረጸ ካለ ሊበለጥ ይችላል። የምግብ አሠራር ግን አያረጅም። የ6 ዓመት የጉላሽ ቪዲዮ ጥሩ ከሆነ ዛሬም ጥሩ ነው፤ «የቆየ ነው፣ እንበልጠዋለን» ብሎ መግባት የተለመደ ስህተት ነው።

ውሳኔው ላይ የምንመክረው መስፈርት ይህ ነው። ከአስሩ ቃሉን በርዕሱ የያዙት ከአራት ካልበለጡ፣ ቢያንስ ሁለቱ ከእናንተ ከአምስት እጥፍ ባልበለጠ ቻናል የተሠሩ ከሆኑና ግማሾቹ «ደካማ» ከተባሉ ግቡ። አንዱ ብቻ ከተሟላ ወይም አንዱም ካልተሟላ ቃሉን አጥብቡት። ሁለቱ ተሟልተው አንዱ ከጎደለ ውሳኔው በጎደለው ላይ ነው። የጎደለው ሦስተኛው ከሆነ፣ ማለትም ከአስሩ ከግማሽ በላይ ጥሩ መልስ ሰጥተው ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢመቻችም አትግቡ። ተመልካቹን ከረካበት ማስነሳት አይቻልም። የጎደለው የመጀመሪያው ከሆነ፣ ርዕሶቹ ሁሉ ቃሉን ይዘው መልሳቸው ደካማ ከሆነ፣ ብዙዎች ይፈራሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የተሻለው ዕድል ይህ ነው። ፈላጊ እንዳለ በዚያ ሁሉ ቪዲዮ ተረጋግጧል፤ መላሽ ግን የለም።

ማጥበብ ማለት ቃል መጨመር ብቻ አይደለም፤ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ለዚህ የሚረዳው የአስሩ ቪዲዮዎች ኮሜንት ነው። የዓሣ አሠራር ቪዲዮዎች ሥር «እሾሁ እንዴት ይወጣል?»፣ «ሽታው እንዲጠፋ ምን ይደረግ?»፣ «በአምባዛ ይሆናል ወይስ በቆሮሶ ብቻ?» የሚሉ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ካገኛችሁ እያንዳንዳቸው የሚቀጥለው ቪዲዮ ርዕስ ናቸው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቆሮሶ አለው፤ አጸዳዳቸው ይለያያል። አሞራ ገደል ጠዋት ሄዶ ዓሣውን የሚገፍፉትን ልጆች እጅ በቅርብ መቅረጽ የሚችል የሐዋሳ ቻናል፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተገፈፈ ዓሣ ገዝቶ ከሚያበስለው ትልቅ ቻናል የተሻለ መልስ አለው። ቃሉን «የዓሣ ጉላሽ» ከማለት «አምባዛ ዓሣ እንዴት ይጸዳል» ወደሚለው ማውረድ ፈላጊውን ይቀንሳል፤ የሚገባው ሰው ግን የሚፈልገውን ስለሚያገኝ ይቆያል። ያ ቆይታ ነው ቀስ በቀስ ሰፋ ወዳለው ቃል የሚያሻግረው።

ስለ መሣሪያዎቹ

ቪድአይኪውና ቱብባዲ የተባሉት የቃል መመርመሪያ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ቃል የፈላጊና የፉክክር ነጥብ ይሰጣሉ። ዩቲዩብ የፍለጋ ብዛትን ለሕዝብ ስለማያወጣ ነጥባቸው ግምት ነው። ብዙ መረጃ ባለበት እንደ እንግሊዝኛ ባለ ቋንቋ ግምቱ ይጠቅማል። በአማርኛ ግን ከላይ ያየናቸው ስምንት አጻጻፎች ቁጥሩን ይበታትኑታል፤ «ፉክክር ዝቅተኛ» የሚለው አረንጓዴ ምልክት የሚመጣው ፈላጊዎቹ በሌላ ፊደል ስለጻፉ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለመነሻ ሐሳብ ተጠቀሙባቸው፤ ገንዘብ ከፍላችሁ ውሳኔውን ግን አትስጧቸው።

ቃሉ የት ይገባል?

ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይይዛል፤ ስልክ ላይ ግን መጨረሻው ይቆረጣል። ስለዚህ የመረጣችሁት ቃል መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ «ጉድ ነው»ም ሆነ የቻናሉ ስም ወደ ኋላ ይሂድ። ፍለጋው በበዛበት አጻጻፍ ርዕሱን ጻፉ፤ ሌላውን አጻጻፍ በመግለጫው የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች ውስጥ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ታግ በጥቅሉ እስከ 500 ፊደል ይፈቅዳል። ዩቲዩብ ታግ በደረጃው ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ እንደሆነና በዋናነት የሚጠቅመው ተሳስተው ለሚጻፉ ቃላት እንደሆነ ይገልጻል፤ ስለዚህ ሀዋሳውን፣ አዋሳውንና ላቲኑን የምታስቀምጡት እዚያ ነው። መግለጫው ውስጥ ቃላትን በነጠላ ሰረዝ እየለያዩ መደርደር ግን የዩቲዩብን ደንብ ይጥሳል፤ ቪዲዮውን ሊያስወርድ ይችላል።

ከተጫነ በኋላ

የመዘናችሁት ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በዩቲዩብ ስቱዲዮ ነው። የቪዲዮውን አናሊቲክስ ክፈቱ፤ «ሪች» በሚለው ውስጥ ትራፊክ ከየት እንደመጣ ይዘረዘራል። «ዩቲዩብ ሰርች» የሚለውን ስትነኩ ሰዎች የጻፉትን ቃል ከነአጻጻፉ ታያላችሁ። ተመልካቹ ጥቂት ከሆነ ዝርዝሩ ላይታይ ይችላል፤ 28 ቀን ጠብቃችሁ ተመለሱ።

ሦስት ዓይነት ውጤት ይመጣል። ያሰባችሁት ቃል ከላይ ከሆነ ምንም አትንኩ። ያላሰባችሁት ቃል ከላይ ከሆነ ያ የነጻ ምክር ነው፤ ቪዲዮው ያንን ጥያቄ በእርግጥ የሚመልስ ከሆነ ርዕሱን ወደዚያ ቀይሩ፣ ካልመለሰ ሌላ ቪዲዮ ሥሩለት። ከሰርች የመጣ ሰው ከሌለ ደግሞ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አልታያችሁም ወይም ታይታችሁ አልተነካችሁም። የሚለያቸው የኢምፕሬሽን ቁጥር (ቪዲዮው ስንት ጊዜ ለሰው እንደቀረበ) እና የክሊክ መጠኑ (ከቀረበው በመቶ ስንቱ እንደተነካ) ነው። በዩቲዩብ መግለጫ መሠረት የግማሾቹ ቻናሎችና ቪዲዮዎች የክሊክ መጠን ከ2 እስከ 10 በመቶ ውስጥ ነው፤ ከ100 ያነሰ ጊዜ የታየ ቪዲዮ ላይ ቁጥሩ በጣም ስለሚዋዥቅ ገና አትመኑት። ኢምፕሬሽኑ በቂ ሆኖ ክሊኩ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ጥፋቱ ተምኔሉ (የቪዲዮው የሽፋን ምስል) እና ርዕሱ ላይ ነው። እነዚህን በየተራ ለውጡ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ኢምፕሬሽኑ ራሱ ከሌለ ቃሉ ከብዷችኋል ማለት ነው፤ ወደ ወረቀቱ ተመልሳችሁ አንድ ደረጃ አጥብቡ።

አስሩ ደግሞ ባሉበት አይቆዩም። በቃሉ ላይ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆናችሁ ሳለ አንድ ትልቅ ቻናል ያንኑ ርዕስ ቢጭን በመጀመሪያው ሳምንት ትወርዳላችሁ፤ የራሱ ተመልካቾች ወደ ላይ ስለሚገፉት ነው። ያን ጊዜ ርዕስ ለመቀየር አትቸኩሉ። ሦስት አራት ሳምንት ጠብቁና አስሩን እንደገና መዝግቡ። ትልቁ ቪዲዮ ጥያቄውን ካልመለሰው ከሰርች የሚመጣው ሰው እየተወው ስለሚሄድ ቦታችሁን መልሳችሁ የማግኘት ዕድል አላችሁ። ከመለሰው ደግሞ ኮሜንቱን ክፈቱ፤ እሱ ሳይመልስ የተዋቸው ጥያቄዎች እዚያ ይገኛሉ።